አረንጓዴ ክር ያለው ጆንያ

ከጋሼ ዳኘው ጋር ሳልጣላ የተመለስሁበት የራሽን ቀን አልነበረም። የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ቁልፍ ያዡም መዛኙም እሳቸው። አስተዳደጌ ሆኖ ስሰድባቸውም በአንቱታ ነበር። «እርስዎ ልብ የለዎትም!» እላቸዋለሁ። እሳቸው ከሚዛኑ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ተራው ነው፣ ፀሐይወርቅ» ይሉኛል። የሚያወሩት ስለ እኔ ተራ አይደለም፤ ስለ ጆንያው ነው።

መጋዘኑ አንድ በር ብቻ ያለው ረጅምና ጠባብ ክፍል ነበር። መኪና አዲስ ዱቄት ባመጣ ቁጥር ጋሼ ዳኘው የቆየውን ሁሉ ደጅ ያስወጣሉ፣ አዲሱን ከኋላ ግድግዳው ጥግ ያስደረድራሉ፣ የቆየውን ደግሞ መልሰው ከበሩ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ተሸካሚዎቹ እየተራገሙ ይሠራሉ። የጣና እርጥበት ዱቄት አይምርም፤ የቆየው ካልቀደመ ከሥር ሻግቶ ይቀራል ባይ ናቸው። ልክ ናቸው። ግን እኔ ነቀዝ እየነፋሁ ልጆች የማበላ ሴት ነኝ፤ አዲሱ ዱቄት ከኋላ እየታየኝ የሳቸው ልክ መሆን ምን ያደርግልኛል?

የፋሲካ ሰሞን ጭነት ሲራገፍ አንድ ጆንያ ተቀደደ። ወረፋ ላይ ቆሜ ዳንቴል እየሠራሁ ነበርና ሮጬ ሄጄ፣ በኪሮሼና በያዝሁት አረንጓዴ ክር ቀዳዳውን ሰፋሁት።

«እንግዲያው ለእኔ ከዚህ ይመዝኑልኝ» አልሁ።

ጋሼ ዳኘው ስፌቱን ዳበስ አድርገው አመሰገኑኝና «የዚህ ተራው ገና ነው» ብለው ወደ ኋላ ሰደዱት። ያን ቀን ያልኋቸውን እዚህ አልደግመውም። ወረፋው በሙሉ ሰምቷል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አካሉ፣ በኋላ በጋሼ ዳኘው ላይ ለምስክርነት እኔን የመረጠኝም ለዚህ ነው። ለሚስቱ ከአዲሱ ዱቄት እንዲላክ አዝዞ፣ ጋሼ ዳኘው «ተራው ሲደርስ» ብለው እንደመለሱት ያልሰማ አልነበረም። ነሐሴ ላይ አዲስ ጭነት እንደገባ መጋዘኑን አስፈተሸና «ዱቄት ከዱቄት ጀርባ ተደብቆ ተገኘ» አለ። ጋሼ ዳኘውን አሰሯቸው። ያኔ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቅ የለም። ጨው ደብቀሃል የተባለ አንድ ነጋዴ ክረምቱ ሲገባ ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል።

አካሉ ቤቴ ድረስ መጣ። «ከአዲሱ ዱቄት ሰጥተውዎት ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«በቃ፣ እሑድ ይኸንኑ ይናገሩ።»

እሱ ሲወጣ፣ ክንዱ የሚባለው ባለቤቴ በሩን ዘጋ። «የተጠየቅሽውን መልሰሽ ቁጭ በይ። ልጆች አሉን» አለኝ።

እሑድ ስብሰባው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሆነ። የቀረ ሰው ራሽን ስለሚከለከል ሁሉም መጥቷል። ጋሼ ዳኘው በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ቆመዋል። ፊታቸው አባብጧል። ቀበቷቸውን ስለወሰዱባቸው ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል።

«ሰፊው ሕዝብ ነቀዝ ሲበላ ይኸ አዲስ ዱቄት ለማን ነበር የተደበቀው?» አለ አካሉ።

«እርምጃ ይወሰድበት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ግራ እጆች ተነሡ። የእኔም ተነሣ፤ ያላነሣ ይታያል።

«ጓድ ፀሐይወርቅ፣ ከአዲሱ ሰጥቶሽ ያውቃል?» ቤቴ መጥቶ «እርስዎ» ያለኝ ሰው አሁን «አንቺ» አለኝ።

«አያውቁም» አልሁ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጋሼ ዳኘው ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልለመኑኝም፤ ሚዛናቸውን እንደሚያዩት ዝም ብለው አዩኝ። ደሜ ፈላ። እኚህን ሰውዬ የምሰድብ እኔ ነኝ፤ አካሉ ማን ሆኖ ነው በእኔ ስድብ የሚገድላቸው?

«ግን በፋሲካ የሰፋሁት ጆንያ የት ነው ያለ?» አልሁ። ክንዱ ቀሚሴን ጎተተኝ።

«ስለ ጆንያ አልጠየቅንሽም።»

«ያን ጊዜ አዲስ ነበር። ጥጉ ላይ ሲያስቀምጡት በዓይኔ አይቻለሁ። የሚደብቁ ከሆነ ዛሬም እዚያው ጥግ ነው፤ የሚሸጡ ከሆነ ጭራሽ የለም። ተራ የሚጠብቁ ከሆነ ግን በሩ ጋ ደርሷል። አረንጓዴ ክር አለው፤ ይፈለግ!»

ተናግሬ ሳበቃ ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ተከፍቶ አልቆ ቢሆንስ? ባለፈው ወር ወባ ጥሎኝ ራሽኑን የተቀበለው ክንዱ ነበር፤ ክንዱ ደግሞ ጆንያ አያይም። ከሌለ ጋሼ ዳኘውም አለቀላቸው፣ እኔም ተባባሪ ነኝ።

«ስትሰፋው እኔም አይቻለሁ» አለች ራሂማ፣ የዓሣ አጥማጁ ሚስት። «ይፈለግ» አለች ሌላዋ። ከዚያ ብዙ ሰው «ይፈለግ!» አለ፤ አካሉም በእጁ ምልክት ሰጠ።

ጠባቂዎቹ ከበሩ አጠገብ ያለውን ጆንያ ጎትተው አገላበጡት። ክር የለውም። ቀጥሎ ያለውንም አወጡ። የለውም። አካሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ክንዱ ቀሚሴን ለቀቀ።

«በስተግራ፣ ከታች ያለውን» አሉ ጋሼ ዳኘው፤ ድምፃቸው የተሰማው ያኔ ገና ነው። «እንዳይፈስ ስፌቱን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ።»

ጎትተው አዞሩት። አረንጓዴ ክር።

እልል ያለ የለም። አካሉ ጆንያውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ «ጉዳዩ ይጣራል» ብሎ ስብሰባውን በተነ። ጋሼ ዳኘው በማግስቱ ተፈቱ።

በሚቀጥለው የራሽን ቀን ተራዬ ሲደርስ ያንን ጆንያ ሳቡት። ክሩን ሳይበጥሱ ፈትተው፣ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። በፋሲካ የለመንሁት ዱቄት ውስጥ አሁን ነቀዝ ይርመሰመሳል።

«ተራው ደረሰ» አሉኝ። መዝነው ሰጡኝና ቆመው ጠበቁ። «ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ልብ የለዎትም» አልኋቸው። እንባዬ ቀደመኝና ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ መለሱልኝ።