ከቆዳው ሥር የነበረው ዓመት

"ቆዳውን አይቁረጡት!" አለ የህያ፣ ሳያስበው ከወንበሩ ተነስቶ።

ሳጅን ገነት ምላጩን ከጠመንጃው የቆዳ ስፌት ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየችው። "አቶ የህያ፣ የመሣሪያው ዓይነትና የተሠራበት ዘመን ካልታወቀ አይመዘገብም። ምልክቱ ያለው ደግሞ እዚህ ቆዳ ሥር ነው።"

"አባቴ ናቸው የሰፉት። የአርበኛ ደም የነካው ቦታ ነው እያሉ እኛን እንኳን አያስነኩንም።"

"ክሩን ብቻ ነው የምፈታው፤ ቆዳውን አልጎዳውም።"

የህያ ተቀመጠ። ከኋላው መሣሪያ ለማስመዝገብ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ወረፋ የያዙት ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል። ጥፋቱ የራሱ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጠመንጃውን የጠቀለለበትን ብርድ ልብስ ገለጥ እያደረገ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲያወራ ነው ያረፈደው፤ አያቱ ሱሩር ጣሊያኑን መኮንን አድፍጦ እንደጣለው፣ ጠመንጃውን ከእጁ እንደፈለቀቀው። ቡራዩ ውስጥ ሲሚንቶና ብረት የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ ነው። የአርበኛ የልጅ ልጅ የሆነ ግን እሱ ብቻ ነበር፤ ሰፈሩም በዚሁ ነው የሚጠራው።

ክሩ ተፈትቶ ቆዳው ወደቀ። ሳጅን ገነት ከሰደፉ በላይ ያለውን ብረት በዘይት ጨርቅ ጠረገችና በስልኳ መብራት አየችው።

"የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ ነው" አለች።

"ጣሊያኑ ከእንግሊዝ ማርኮት ይሆናላ።"

"ይችል ነበር። ግን ይኸው፣ ራስዎ ይዩት።"

ቁጥሩ ጉልህ ነበር። 1944።

"በፈረንጅ ነው" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በእኛ ሠላሳ ስድስት መሆኑ ነው። ጣሊያን በሠላሳ ሦስት ወጥቷል።"

የህያ ቁጥሩን በጣቱ ዳሰሰው። እሷ ግን ሥራዋ ነውና ጠመንጃውን እያገላበጠች ቀጠለች። "እንጨቱ ድሮ እስከ አፈሙዙ ይደርስ ነበር፤ ግማሹ ተቆርጧል። ሳንጃ የሚሰካባቸው ጆሮዎች በሞረድ ተበልተዋል። አሥር ጥይት የሚይዘው ካዝናም አምስት በሚይዝ ተቀይሯል። ይቺ ማህተም ደግሞ ጠመንጃው ከጦሩ ወጥቶ ለግል ገዢ ሲሸጥ እዚያው አገራቸው የምትመታ ናት። ለአደን ነው ያስተካከሉት። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ምናልባት በእኛ በአርባዎቹ ውስጥ።"

"ታዲያ አርበኛው የሚዋጉት ከሚዳቋ ጋር ነበር?" አለ ከወረፋው አንዱ።

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። የህያ ዞሮ አላየም።

"ከየት መጣ ልበል?" ስትል ጠየቀችው ሳጅን ገነት።

"ከአያቴ የወረስኩት ነው" አለ። "የተማረከ" የሚለው ቃል ከአፉ ሊወጣለት አልቻለም።

ባጃጅ ውስጥ ጠመንጃውን እንደታመመ ሕፃን ጠቅልሎ ታቅፎ ተቀመጠ። የወረፋው ሳቅ አልነበረም የሚያቃጥለው። እነዚያን ሰዎች ዳግመኛ ላያያቸው ይችላል። ያቃጠለው ያለፈው እሁድ የሰፈር ስብሰባ ላይ የተናገረው ነገር ነው።

ከየህያ መጋዘን በታች የሚኖር አጵሎስ የሚባል ግንበኛ አለ፤ ከወላይታ መጥቶ በላቡ ሁለት ክፍል ቤት የሠራ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ያን ቀን ተነስቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ የመጋዘኑ ግንብ የጎርፍ መውረጃውን ስለዘጋው ውሃው ቤቱ እንደሚገባ፣ ሚስቱ ኤልሳቤት ልጆቹን አልጋ ላይ አቁማ እንዳደረች ተናገረ። ሰብሳቢው ኦቦ ቶሌራም "ዱጋ፣ እውነቱን ነው" ሲሉ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። የህያ ብድግ አለ።

"እኔ የአርበኛ ልጅ ልጅ ነኝ" አለ። "አያቴ ለዚህ መሬት ሲደማ ያንተ አያት የት ነበር? የፈረንጅ ጓዝ ተሸክሞ ይሆናል!"

ሰዉ ሳቀ። አጵሎስ ቆቡን ደፍቶ ቁጭ አለ። የግንቡም ነገር በዚያው ተዳፈነ።

ቤት ሲደርስ አባቱ ሀሰኖ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። የህያ ጠመንጃውን ፈትቶ ፊታቸው አስቀመጠው። ሽማግሌው ራቁቱን የቀረውን ብረት አዩና ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አዞሩ።

"አባ፣ እንግሊዝ የሠራው ነው አሉኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ።"

አባቱ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም።

"ቁጥሩን ያውቁት ነበር?"

"ባላውቀው ለምን እሰፋበታለሁ?"

የህያ ከጎናቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አባቱ እሱን ሳያዩ መናገር ጀመሩ። "አያትህ ለአንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ጓዝ ይሸከም ነበር። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ የገደለውን አውሬ ቆዳ። ሰውዬው አገሩ ሲገባ ጠመንጃውን ሰጠው፤ ታማኝ ነበርክ ብሎ።"

"ታዲያ የአርበኛው ነገር?"

"ልጅ ሳለሁ ገበያ ላይ 'የፈረንጅ አህያ ልጅ' ይሉኝ ነበር። አንተ ስትወለድ ቡራዩ ገባን፤ የሚያውቀን አልነበረም። አንተን እንደኔ እንዳይጠሩህ ብዬ ነው አርበኛ ነበር ያልኩት።" ጠመንጃውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። "አያትህ አላፈረበትም። አገር ቤት ሳለ ለመጣው ሁሉ እየሳቀ ያወራው ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ።"

የህያ አጎንብሶ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። በአጵሎስ ላይ የወረወረው ስድብ አንድ ሳይቀር የራሱ አያት ታሪክ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ይህም አልነበረም። አያቱ እውነት አርበኛ ቢሆን ኖሮስ? ያን ንግግር ዛሬም ኮርቶበት ይኖር እንደነበር ገባው፤ በጎርፉ የሚያድሩት ልጆች አንዴም ትዝ ሳይሉት።

"የት ልትሄድ ነው?" አሉት ሲነሳ።

"እመጣለሁ አባ።"

የአጵሎስ ቤት ወለል ገና እርጥብ ነው። ፍራሹ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ኤልሳቤት የህያን ስታይ ደነገጠች፤ በርጩማ አቀረበችለትና ወደ ጓዳ ገባች። አጵሎስ ከሥራ መመለሱ ነበር፤ ሲሚንቶ ከጣቶቹ መሃል አልለቀቀም።

"ግንቡን ነገ አፈርሰዋለሁ" አለ የህያ፣ ሳይቀመጥ። "መውረጃው የት ጋ ማለፍ እንዳለበት አሳየኝ። ወጪው የኔ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"ሌላም አለ። ያን ቀን የተናገርኩህ..." ወደ እርጥቡ ወለል አየ። "አያቴ አርበኛ አልነበረም። ጓዝ ተሸካሚ ነበር። ዛሬ ነው ያወቅሁት። ይቅር በለኝ።"

አጵሎስ ሲሚንቶውን ከጣቶቹ ፈገፈገ። "አቶ የህያ፣ የእርስዎ አያት ጓዝ ቢሸከሙ እኔ ምን ቸገረኝ? እኔም እሸከማለሁ። ነውር አይደለም።" ቀና አለ። "እኔን የሰደቡኝ ግን በሰው ፊት ነው። ልጄ እዚያ ነበረች። አሁን እዚህ ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማን አለ?"

የህያ ሲመጣ መንገድ ላይ ነገሩ እዚሁ ቤት ውስጥ እንዲያልቅ፣ አጵሎስም ለማንም እንዳያወራበት ሊለምነው አስቦ ነበር። ልመናው ምላሱ ላይ ነበር። የፖሊስ ጣቢያው ሳቅ ጆሮው ላይ ጮኸ፤ ይኸው ሳቅ በሰፈሩ ሰው አፍ፣ በደንበኞቹ አፍ፣ በአባቱ ፊት ሊሆን ነው።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የሰብሳቢውን ቁጥር ፈለገ።

"አካም ኦቦ ቶሌራ፣ ደህና ነዎት? የህያ ነኝ... እሁድ ሰዉን ይሰብስቡልኝ። አዎ፣ ሁሉንም። ቀድሞ የሚናገረው እኔ ነኝ።"

"ስለ ምን ጉዳይ ልበላቸው?" አሉ ኦቦ ቶሌራ።

የህያ አጵሎስን አየው።

"ስለ አያቴ" አለ።