ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ቃል

ልብስ ተኳሿ ለክርክር የሚሆን አቅም አልነበራትም። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ የምትውል ሴት ወንበር ካገኘች ከሳሽ መሆኗንም ትረሳለች። ግን የፈረቃ ኃላፊዋ «አንቺ መካን!» ያለቻት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነበር። ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ወንጀል ነው ብለው ፖሊሶች ሲነግሯት፣ እስኪ ይሁን ብላ የክስ ማመልከቻው ላይ ፈረመች።

ምስክር ሲፈለግ የሥራ ጓደኞቿ «በማሽኑ ጩኸት ምን ይሰማል?» አሉ። ወሬ ሲሆን ከሦስት ክፍል ማዶ የሚሰሙ ሴቶች!

የቀረው ባሏ ነበር። የዚያን ቀን ሊወስዳት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ሰምቶም ዝም ብሏል። ሐኪሙ ችግሩ ከእሱ መሆኑን ከነገራቸው ጀምሮ እሱ ዝም እንዳለ ነው። የአማቷን ግልምጫ፣ የጎረቤቱን አሽሙር የምትውጠው እሷ ናት። አንድ ቀን፣ ለእናቱ እንኳ፣ «እኔ ነኝ» ይልልኛል ብላ ስትጠብቅ መጠበቁ ራሱ ሰለቻት።

«ክቡር ዳኛ፣ እውነት ነው የተናገርኩት» አለች ተከሳሿ። «ልጅ የላትም።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። እሳቸውንም ደክሟቸዋል። «እውነት ነው ወይ አላልንም። ለማዋረድ ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል ወይ ነው ጥያቄው።» ወደ ባሏ ዞሩ። «እርስዎ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።» ሚስቱ ይቀመጣል ስትል አልተቀመጠም። «ግን ክቡር ዳኛ፣ መካኑ እኔ ነኝ። ስድቡ የኔ ነበር፤ እሷ ናት የተሸከመችልኝ።»

ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ወጣ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። ሮጣ ሄዳ አፉን በእጇ ልትከድንለት አማራት።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ይመዝገብ?» አለች።

«ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» አሉ ዳኛው። «ይለፍ።»

ኃላፊዋ ጥፋተኛ ተባለች። ልብስ ተኳሿ ፍርዱን በቅጡ አልሰማችውም።

ከግቢው ሲወጡ ባሏ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «እንግዲህ ሰው ሁሉ ሰማ» አለ።

«ሰማ።»

«ነገ ስመጣ እንግዲያው... ራቅ ብዬ ማዶ ልጠብቅሽ?»

ክንዱን ያዘችው። «እበሩ ላይ ቁም» አለችው። «የሚሰድብህ ካለ እኔ እሰማለሁ።»