የሻምሳ እፍኝ

ቢፍቱ ሃያ ዓመት ሙሉ የጾም ሱፍ ስትሠራ ሚዛን ነክታ አታውቅም። ለአርባ ሰው ሦስት ጎሮጎሮ፣ አለቀ። ጎሮጎሮ ማለት በሞያሌ ገበያ እህል የሚሰፈርበት ጣሳ ነው፤ በቆሎ ሲሞሉት ሁለት ኪሎ ይመዝናል። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ማርጋሬት ግን ጣሳ የሚባል ነገር መስማት አልፈለገችም።

«ማማ ቢፍቱ፣ የእኔ ስቶር በኪሎ ተጽፎ ሲመጣለት ነው የሚያወጣው» አለች በገበያ አማርኛዋ። «ዓርብ ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ፣ አርባ ጿሚ ይመጣል። ረቡዕ አቅምሺኝ። ከጣፈጠ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ። ካልጣፈጠ፣ ሌላ ሴት አለች።»

የሰው ልብስ ማጠብ የቢፍቱን ወገብ ጨርሶታል። ይህ ሥራ እንዲሰጣት ስንት ጊዜ ጸልያለች! ማክሰኞ ጠዋት እህል ነጋዴዋ ሻምሳ ዘንድ ሄደች።

«ሦስት ጎሮጎሮ ስድስት ኪሎ ብዬ ልጻፍ?»

ሻምሳ ሳቋ አመለጣት። «ሱፍና በቆሎ እኩል ይመዝናሉ ያለሽ ማነው? ሱፍ ሆዱ ባዶ፣ ልብሱ ብዙ!»

ጣሳውን ሞልታ ቆለለችው፤ እንደ ልማዷም አንድ እፍኝ ምርቃት ጣል አደረገችበት። ቢፍቱ ግን ቁልሉን በመዳፏ ጠርጋ አወረደችው።

«ምነው? ምርቃቴን ትመልሺብኛለሽ?»

«አትቀየሚኝ ሻምሴ። ይሄ የሰው ንብረት የሚወጣበት ወረቀት ነው። አንቺ በደግነት የጨመርሽውን ከሰው ስቶር አልጠይቅም። ልኩ እስከ አፉ ነው።»

ሚዛኑ ልክ አንድ ኪሎ አለ። ቢፍቱ አማተበችና «ሱፍ፣ ሦስት ኪሎ» ብላ ጻፈች።

ረቡዕ ከስቶር የወጣላትን ሱፍ ቀቀለችው፣ ወቀጠችው፣ በጥብጣ አጠለለችው። የወረደው ግን የዕቃ እጣቢ ይመስል ነበር። ማርጋሬት በማንኪያ ቀመሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ውሃ ነው፣ ማማ። ነገ አንድ ዕድል አለሽ።»

ቢፍቱ ወደ ማድቤት ተመለሰች። እንስራውን አየችው፣ ያው እንስራ ነው። ውሃውም ያው እስከ አንገቱ። እጇም ያው እጅ። ታዲያ ምን ጎደለ? የሻምሳን ቁልል ስትጠርገው ከመዳፏ ሥር የተንሿሿው ሱፍ ትዝ አላት። ሃያ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ የተጠረገ ጣሳ ይዛ ቤቷ ገብታ አታውቅም።

ሐሙስ ገና ገበያው ሳይሞላ ሻምሳ ደጃፍ ቆመች።

«እንደ ልማድሽ ስፈሪልኝ። እኔ እጄን አላስገባም።»

«ታረቅን ማለት ነው?» አለች ሻምሳ፣ እየቆለለች። ሦስቱም ከነቁልላቸው፣ ከነእፍኛቸው ተመዘኑ። ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ ሃምሳ ግራም፤ ቢፍቱም ይህንኑ ጻፈች።

ማርጋሬት ወረቀቱን አይታ ቅንድቧን ሰቀለች። «ትናንት ሦስት፣ ዛሬ ይሄ። ትርፉ የማነው?»

«ትርፍ አይደለም፣ ማዳም። ስሰርቅ እንዳልገኝ ብዬ ወጡን ሰረቅሁት። ሱፍ የምሸምትባት ሴትዮ ቆልላ ነው የምትሰፍረው፣ ወጤም የለመደው ያንን ነው።»

እኩለ ቀን ላይ የወረደው ሱፍ እንደ ወተት ነጭ፣ ማንኪያ የሚይዝ ነበር። ማርጋሬት ቀመሰች፣ ደገመች። ሦስተኛውን ማንኪያ አፏ ሳታደርስ ወረቀቱን አነሳችና ስቶሩ በር ላይ ለጠፈችው።

«ነገ ስትመጪ ኪፓንዴሽን ያዢ» አለች። «መታወቂያ ሳላይ ሠራተኛ አልመዘግብም።»