ነስሪን እስከ መጨረሻው

ነስሪን ንባቡን መካከሉ ላይ አቋረጠችው።

የወላጆች ቀን ነበር። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል። የሰኔ ዝናብ ድንገት ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ ልጅቱ መጽሐፉን እንደያዘች አንገቷን ቀና አድርጋ ጣሪያውን አየች። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ ደግሞ ደጅ፣ ነፋስ ጃንጥላውን የገለበጠበትን ሰውዬ። ከፊት ወንበሮች ሳቅ ተሰማ።

እናቷ ሀዋ ከኋላ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። ባሏ ሙሳ ሊጣራ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ተው፣ አትጥራት" አለችው በሹክሹክታ። "ራሷ ትመለሳለች።"

አምና ቢሆን ይህን አትልም ነበር። አምና ነስሪንን ከልብስ ስፌት ሱቋ ክር ግዢ ብላ ስትልካት፣ ልጅቱ የተላከችበትን ረስታ በቅሎ ሲጫን ቆማ ስታይ ትገኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ከወንበሯ ትነሣለች፤ የሰው ንግግር ታቋርጣለች፤ ጫማዋን የት እንዳወለቀች አታውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ዐይን በልቷት ነው" ይላል፤ ሌላዋ "አለንጋ ያጣ ልጅ እንዲህ ነው" ትላለች። ሙሳ አለንጋውን ሞከረው። ያን ዕለት ነስሪን እያለቀሰች፣ "አባዬ፣ እኔ እኮ ልስማ እላለሁ፤ ጆሮዬ ነው ሌላ ቦታ የሚሄድብኝ" አለችው።

ሙሳ ከዚያ ወዲያ እጁን አላነሣባትም። ሀዋም ያችን ቃል ይዛ ሆስፒታል ሄደች።

ትዕግሥት የምትባለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ አልቸኮለችም። ልጅቱን አጫወተቻት፤ ስለ ቤት ውሎዋ ወላጆቿን፣ ስለ ክፍሉ መምህሯን ጠየቀች፤ ደግማም ቀጠረቻቸው። በመጨረሻ፣ "የትኩረት ማነስ ችግር ነው" አለቻቸው።

"ልጄ እብድ ናት ልትይኝ ነው?" አለ ሙሳ ፊቱ ጠቁሮ።

"ኧረ በጭራሽ! እብደትም ስንፍናም አይደለም፤ የናንተም የአስተዳደግ ጥፋት አይደለም። ልጅቱ ብልህ ናት፤ ሐሳቧን መያዝ ነው የሚያቅታት።"

"መድኃኒትስ አለው?" አለች ሀዋ።

"መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ እሱን እያየን እንወስናለን። መጀመሪያ አያያዛችሁን እንለውጥ። ዐይን ዐይኗን እያያችሁ አንድ ነገር ብቻ እዘዟት። ስትጨርስ አመስግኗት። ሁለተኛው ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ይድረስ።"

የክፍሏ መምህር እሸቴ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። "እመት ሀዋ፣ ክፍሉ እንደሚያዩት በተማሪ የተጨናነቀ ነው። ለአንዲት ልጅ ስል ምን ላድርግ?"

"ከፊት ያስቀምጡልኝ፤ መቀመጥ ሲያቅታት ሰሌዳውን ታጥፋ። ሐሳቧ ሲሄድ ደግሞ አይጩሁባት፤ ጠረጴዛውን ቀስ አድርገው ይምቱላት። ሌላ አልጠይቅዎትም።"

እያጉረመረመም ቢሆን አደረገው። ቤትም ቀላል አልነበረም። ሀዋ ትዕግሥቷ አልቆ የጮኸችባቸው፣ ኋላም ልጇን አቅፋ የተጸጸተችባቸው ቀኖች ነበሩ። ቢሆንም ነስሪን ጥቂት አንብባ፣ ግቢውን ሮጣ ዞራ፣ ተመልሳ እያነበበች ዓመቱ አለቀ።

አሁን አዳራሹ ውስጥ መምህር እሸቴ ከነስሪን አጠገብ ካለ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ጠረጴዛውን በጣቱ ቀስ አድርጎ መታ።

ነስሪን ዐይኗን ከመስኮቱ ነቅላ ወደ ገጹ መለሰች። ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ ያቆመችበትን ፈለገች።

"ይቅርታ፣ ዝናቡ ጠርቶኝ ነው" አለች ለተሰበሰበው ሰው፣ ከልቧ።

ሰው ሳቀ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን የፍቅር ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርጋ፣ አራት ነጥቡን እየጠበቀች፣ እስከ መጨረሻው አነበበች። መጽሐፉን ስታጥፈው አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሙሳ ብድግ አለ። "የኔ ልጅ ናት!" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሀዋ ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ ቀደማት። "አልሐምዱሊላህ" አለች። ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ያለፈችበትን በር ዛሬ ቀና ብላ ወጣችበት።

በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅ ገበሬ ነበር፤ ከጉና ተራራ ግርጌ የመጣ፣ ደምሴ የሚባል። ከተማ ዘመድ ቤት ሆና ከነስሪን ጋር የምትማረው ልጁ አዲስዓለም ጓዟን በነጠላ ቋጥራ አጠገቡ ቆማለች።

"ልጅሽን አላህ ያሳድግልሽ፣ እቴ" አላት ለሀዋ። "የኔዪቱ አልሆነላትም። አትረብሽ፣ አትነሣ፤ ግን ቁጭ ባለችበት ሐሳብ ይዟት ይሄዳል። አጠገቧ ሆኜ ስጠራት አትሰማኝም። ለመስከረም አልመልሳትም፤ እዚያው እናቷን ትርዳ።"

አዲስዓለም መሬት መሬት ታያለች። ሀዋ አንገቷን የደፋችውን ልጅ አይታ ዝም ብላ ማለፍ አቃታት።

"ያንቱ ልጅ ያለባት የኔዪቱ ዓይነት ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም" አለችው። "ግን ሳያስመረምሯት አይውሰዷት። የኔንም ብዙ ሰው አትረባም ብሎ ጥሏት ነበር።"

"እኔ የገጠር ሰው፣ ሆስፒታሉን በየት ገብቼ በየት ልውጣው? ማንንስ ልጠይቅ?"

ሀዋ ሱቋ ትዝ አላት። የሰርገኞች ቀሚስ ተቆርጦ ገና ሳይሰፋ እዚያ ተከምሯል፤ ሰኞ ከሰዓት ሊወስዱት ይመጣሉ። ሙሳም እሱኑ አስቦ ኖሮ በክንዱ ጎሰም አደረጋት።

"ሰኞ ጧት ይምጡ" አለች ለደምሴ። "እኔው ራሴ እወስድዎታለሁ።"

"ሰርገኞቹስ?" አለ ሙሳ።

"ሰርገኞቹን እለምናቸዋለሁ" አለችና፣ ጎንበስ ብላ የአዲስዓለምን ዐይን ዐይን እያየች፣ "ሰኞ ከኔ ጋር ነሽ" አለቻት።