የማሽኗ መስከረም አንድ

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ማሬ የጠራችኝ የአባቷ ኮምፒውተር ማንም ሳይነካት እየበራች ስላስቸገረቻቸው ነበር።

ገዳሪፍ ያለን ሐበሾች የሁላችንም ጉርድ ፎቶ በአባቷ በረዳ እጅ የተነሣ ነው። ጦርነቱ በጀመረ በወሩ፣ ግንቦት 2015፣ እህቱን ሊያወጣ ካርቱም ሄዶ በዚያው ቀረ። አሁን ሐምሌ 2016 ነው። ተኩሱ ወደ እኛ ቀርቧል፤ ማሽላ ከገበያ ጠፍቶ ሰዉ ለከብት የሚሰጠውን የሰሊጥ ፋጉሎ፣ አምባዙን፣ እያሸ ይበላል። ማሬ በጠራችኝ ማግስት ጠዋት ወደ ድንበሩ ወደ ገላባት የሚሄድ ሎሪ ነበረ። ከእሱ በኋላ መንገዱን ጭቃ ይዘጋዋል።

«እማዬ አልሄድም ብላለች» አለችኝ ማሬ፣ በመንገድ ላይ። «አባዬ መጥቶ ነበር ትላለች። ወላሂ ስለሺ፣ እኔም ማመን ጀምሬያለሁ።»

እናቷ እትዬ አሰጋሽ ከፎቶ ቤቱ ማሽን ፊት ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከስቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል።

«ሐኪሙ መጣ» አሉ። «በሽተኛዋ እሷ ናት ብላ ወደ እኔ አልጠቆመችህም?»

«ማሽኗን ልያት ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እያት። ከህረባው፣ መብራቱ፣ ሲመጣ ራሷ ትነሣለች። ተነሥታም እሱን ታሳየኛለች።»

ብዙ አልቆየንም፤ የጣሪያው ማራገቢያ መዞር ጀመረ። ማሽኗ ጢጥ አለችና በራች። ሦስታችንም እጃችን ጭናችን ላይ ነበር። ረዳ እንዳዘጋጀው የፎቶዎቹ መስኮት ራሱ ተከፈተና የመጨረሻው ፎቶ መጣ። ረዳ ነው። ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ ከሰማያዊው መጋረጃ ፊት፣ ወደ እኛ ያያል። ከግርጌው ቀኑ ታትሟል፤ 01/01/2016፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ አራት ደቂቃ።

ረዳ ማሽኗን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነበር የሚሞላት፤ ደንበኛው ፎቶው ላይ የሚያውቀውን ቀን እንዲያገኝ።

«እንቁጣጣሽ ሌሊት» አሉ እትዬ አሰጋሽ። «እኔና ማሬ ቤተ ክርስቲያን አድረን ነበር። መጥቶ አጣን። ተቀምጦ ጠበቀን። ይቺን ትቶልን ሄደ። ሲመለስ በሩ ተቆልፎ ያግኘው?»

የቀሩትን ፎቶዎች አየሁ። 2013፣ 2014፣ 2015። ከሄደ በኋላ ያለው ይህ አንድ ብቻ ነው።

የማደርገውን ሳጣ ሥራዬን ጀመርኩ። ክዳኑን ስከፍት አቧራና አንድ የደረቀ እንሽላሊት አገኘሁ። ራሙን አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ ጠረግኩ፤ ለውጥ የለም። ፓወር ሰፕላዩን ይዤ በመጣሁት ቀየርኩ። ሶኬቱን ነቅዬ ስመልሰው አሁንም ራሷ ተነሣች፤ አሁንም ረዳ።

የማሽኗን ሰዓት አየሁት። መስከረም አንድ፣ 2016። ዓመቱ ልክ ስለነበር ዓይኔ አልፎት ሊሄድ ነበር። ወሩ ግን ሐምሌ ነው።

ወደ ፎቶው ተመለስኩ። ሌሊት ይላል። ከመጋረጃው ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ቀጭን የፀሐይ ብርሃን ተኝቷል።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለካኋት። ሞታለች። መብራት ሲጠፋ ማሽኗ ቀኑን የምትይዘው በእሷ ነው፤ ሳትታዘዝ እንዳትነሣ የተነገራትንም። ባትሪዋ ስትሞት ሁሉንም ረስታ ፋብሪካው ወደ ጻፈላት የመጀመሪያ ቀን ትመለሳለች፤ ወደ ፈረንጆቹ 2016፣ ወር አንድ፣ ቀን አንድ፤ በእኛ ሲነበብ መስከረም አንድ። ረዳ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን በእጁ ሲያስተካክል ኖሯል። አንድ ቀን፣ ከማስተካከሉ በፊት፣ ካሜራውን በራሱ ፊት ሞከረ።

ከመንገር ማሳየት ይሻላል አልኩ።

«እትዬ፣ እስቲ ዱካው ላይ ይቀመጡልኝ።»

ሶኬቱን ነቅዬ መለስኩና ከማሽኗ በተያያዘው ካሜራ አነሣኋቸው። የእሳቸው ፎቶ ከረዳ ፎቶ ጎን መጣ። 01/01/2016፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ሰባት ደቂቃ። ውጭ የቀትር አዛን ይሰማል።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች ማሬ በቀስታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ያኔ ስለ ባትሪዋ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንግዲያ አልመጣም።»

«አልመጣም፣ እትዬ።»

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲያዩ ቆዩ። አንድ ቀን፣ አንድ ዱካ፣ አንድ መጋረጃ።

«በሦስት ደቂቃ ሳልደርስበት ቀርቼ ነው እንጂ» አሉ፣ ለራሳቸው። «ማሬ፣ አንቺም ተቀመጪ።»

ማሬን አነሣኋት። ሦስተኛ ሆነች።

«አሁን ቢመጣም ቤቱ ባዶ አይሆንበት» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። «ሎሪው ከየት ነው የሚነሣው?»

አዲስ ባትሪ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ላወጣት ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዋት። ሶኬቱንም አትንቀለው።»

እናትና ልጅ በማግስቱ ሄዱ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ከፍቼ አላውቅም። ሰፈሩ ባዶ ነው፤ ከህረባ ሲመጣ ግን በተዘጋው በር ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይፈስሳል፤ ጢጥ የምትለዋንም ድምፅ እሰማለሁ። ውስጥ እንቁጣጣሽ ነው። እርምጃዬን አፈጥናለሁ።