ተቀብያለሁ

«ተቀብያለሁ» አለች ዴይሲ ኮንዶሪ በሬዲዮው፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

የጭነት አውሮፕላኑ አብራሪ አሁንም በእንግሊዝኛ ይናገራል። ድምፁ ቀጥኗል፤ በመሀል ያስለዋል። ውጣ፣ ውረድ፣ ጠብቅ፣ ወደ ግራ ታጠፍ የሚሉትን ዴይሲ አሳምራ ታውቃለች። ሰውዬው ግን ከእነዚህ አንዱንም አላለም። ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ መስኮት ውጭ የሳን ኢሲድሮን ሸለቆ ደመና ሞልቶታል።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች በስፓኒሽ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠው ባልደረባዋ ወደ ሩቤን ዞራ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ጎበዟ አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

ሬዲዮው ዝም አለ።

አውሮፕላኑ ተራራው ላይ በተከሰከሰ በዘጠነኛው ቀን አለቃዋ ዶን ዋልተር የመርማሪዎቹ ክፍል በር ላይ ጠብቆ አንድ ወረቀት ሰጣት። ከሦስቱ ሟቾች አንዱ፣ አብራሪው፣ በመጨረሻ ያለው ተተርጉሞ ሰፍሯል። ጢስ ሞልቶብናል፤ መሣሪያዎቹ አይታዩንም፤ ተራራው በየት በኩል ነው?

ዴይሲ ግድግዳውን ተደገፈች። ተራራው በቀኝ ነበር፤ እያየችው ያደገችው ተራራ። ወደ ግራ ታጠፍ ማለትን ደግሞ በእንቅልፍ ልቧም በእንግሊዝኛ ትለዋለች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ ዶን ዋልተር። «ሰውዬው የአደጋ ጥሪውን ቃል አልተናገረም። ደንቡ ተናገር ይለዋል። አለቀ።»

«ጠይቆኛል እኮ፣ ዶን ዋልተር። ያልገባኝ እኔ ነኝ።»

«ቀስ በይ! እንግሊዝኛ፣ ደረጃ አራት የሚል ወረቀት አለሽ። ደረጃ አራት ያለው ሰው ይገባዋል።»

«ወረቀቱን እንዴት እንዳገኘነው ያውቃሉ አይደል?»

ያውቃል፤ ፈተናውን ያዘጋጀው እሱ ነው። ሁለት ቀን የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ፈታኙ ስምሽ ማነው፣ ስንት ልጆች አሉሽ ብሎ ጠየቀ። ሳልቴኛ የሚባለው የሥጋ ሳምቡሳ ተበላ፣ አሥራ አንዱም ተቆጣጣሪዎች አለፉ። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ «ባለሙያዎቻችን እንግሊዝኛ ይችላሉ» ብሎ ለዓለም ጻፈ፤ ዓለምም ሳይጠይቅ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ማኅተም ሰው ይገድላል። ማኅተሙን የመታው ግን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለው።

«የሚቀደደው ያንቺ ብቻ አይምሰልሽ» አለ ዶን ዋልተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአሥራ አንዳችሁም ነው። የሩቤን ሚስት በሳምንት ሦስቴ ኩላሊቷ ይታጠባል። ሥራውን ካጣ በየትኛው ኢንሹራንስ?»

«ሩቤን ነው የላከዎት?»

«ሩቤንማ አፏን ከከፈተች ሰላምታም የለንም ብሏል።»

በሩ ተከፈተ፤ ዴይሲ ገባች፣ ዶን ዋልተርም ተከተላት። ዋናዋ መርማሪ ከአብራሪው አገር የመጡ ሽበታም ሴት ናቸው። የዴይሲን የምስክር ወረቀት ከፊታቸው ዘርግተው፣ ደረጃው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው በዝግታ አንድ ነገር ጠየቋት። ዴይሲ «እንግሊዝኛ» የምትለዋን ቃል ብቻ ለየች።

«ትችላለች፣ ትችላለች!» አለ ዶን ዋልተር ከኋላዋ።

እሺ ለማለት ራሷን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ይበቃት ነበር። ሴትዮዋ ብዕራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

ዴይሲ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ያሉት አልገባኝም» አለች በስፓኒሽ። «አስተርጓሚ ይጥሩልኝ።»