ጠበቃው መጠበቅ ሲማሩ

አያትየው ዕድሜያቸውን በጥብቅና ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ዛሬም ድረስ «ጠበቃው» እያለ ይጠራቸዋል። ችሎት ፊት ቆመው ሲናገሩ ተከራካሪያቸው ጣልቃ የሚገባባት ቀዳዳ አያገኝም ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ካባቸውን ሰቀሉ እንጂ አንደበታቸውን አልሰቀሉም። ጠዋት ከጋዜጣው ጋር ይከራከራሉ፣ ከሰዓት ከዜና አንባቢው ጋር፣ ሲመሽ ደግሞ ከአማቻቸው ጋር። አማቻቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጥሩምባ ሲሰማ ስለሚውል የአማቱ ድምፅ እንደ ለስላሳ ዘፈን ነው የሚቆጠርለት።

የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛውን ክፍል የሥራ ቦታ አድርጋዋለች፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ቀሚሶች፣ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ። በዚያ ቁርጥራጭ መሃል ስትንከባለል የምትውለው የቤቱ እመቤት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ጉንጮቿን አይቶ «ድንቡሼ» ያላት አባቷ ነው፤ ስሙም ጸደቀላት።

ድንቡሼ ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ ጫማ አምጪ ሲሏት ሁለቱንም እግር ሳትሳሳት ታመጣለች። መናገር ብቻ እምቢ ብሏታል። የምትፈልገው ነገር ሲኖር ጣቷን ቀስራ «እ!» ትላለች፤ ቤቱ ይተረማመሳል። ወደ ውሃው ስትጠቁም እናቷ ብርጭቆ ይዛ ትደርሳለች፣ ወደ በሩ ስትጠቁም አባቷ ከተቀመጠበት ይነሳል። አያትየውማ የሚደርሱት ጣቷ ከመነሳቱ በፊት ነው። «ብርቱካን አምሯት ነው፤ ትናንት ስለበላች ጣዕሙ አፏ ላይ ቀርቷል፤ ልጅ ደግሞ የቀመሰውን አይረሳም» እያሉ ልጠው፣ ፈልቅቀው፣ አጉርሰው ሲጨርሱ፣ ድንቡሼ የምትለው ነገር አይተርፍላትም።

እናትየዋን ስጋት የገባት አንዲት ደንበኛዋ ልጇን ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ልጅቷ የድንቡሼ እኩያ ናት። በሩ ላይ ቆማ «ቀሚሴ የታለ? ቀዩን ነው የምፈልገው» ስትል የልብስ ሰፊዋ እጅ ጨርቁ ላይ ደረቀ። ደንበኛዋ ከሄደች በኋላ የስፌት መኪናዋን ትታ ያየችውን ለአባቷ ነገረች።

«እኔም እስከ አራት ዓመቴ አልተናገርኩም አሉ» አሉ ጠበቃው፣ ሊያጽናኗት። «አሁን እዪኝ።»

«እሱንም አስቤ ፈርቻለሁ አባዬ» አለች።

ጠበቃው ቀልዱን ወደዱት፤ ስጋቷ ግን ገባቸው። በማግስቱ ከመጻሕፍት ቤት የሥዕል ካርዶች ገዝተው መጡ። ድንቡሼን ወንበር ላይ አስቀመጡና ካርድ አነሱ። «ይሄ ምንድን ነው? በይ፣ ላም። ላ…ም። ይሄስ? ድመት በይ። አፍሽን ክፈቺ። ላም ነው ድመት?» ድንቡሼ መጀመሪያ ካርዱን፣ ቀጥሎ የአያቷን ጢም አየች። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራታ ወረደችና የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ገባች። ጠበቃውም ጎንበስ ብለው ጥያቄውን እዚያው ቀጠሉ።

«አባዬ፣ ምስክር እኮ አይደለችም» አለች ልጃቸው ከላይ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ወደ ጤና ጣቢያ አመራ። መጀመሪያ ጆሮዋ ተመረመረ፤ ደህና ነው ተባለ። ቀጥሎ ከልጆች የንግግር ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ ተያዘ። ጠበቃው ካልሄድኩ ብለው ከረባታቸውን አሰሩ።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛ ቢኖርም የምትቀመጠው ምንጣፉ ላይ ነው፤ ዙሪያዋን ኳስ፣ የእንጨት ጡቦችና አንድ ጆሮው የተበላ የጨርቅ ጥንቸል። ጠበቃው ገና ሳይቀመጡ የልጅቷን ታሪክ ከልደቷ ጀምረው ማስረዳት ያዙ። ባለሙያዋ «እሺ አባባ፣ ጥሩ» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከድንቡሼ ላይ አልተነሳም።

«እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ቋጩ።

«እዚህ ከሳሽም ተከሳሽም የለም» አለች እየሳቀች። «አንዳንድ ልጅ ቶሎ ይናገራል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። እሷ የምትሏትን ትሰማለች፣ ይገባታል፣ በጣቷ ትነግራችኋለች። መሠረቱ አለ። እኛ መንገዱን እናቀልላታለን። እስቲ አብረን እንጫወት።»

ኳሱን ወደ ድንቡሼ አንከባለለችው። «ኳስ! ኳሱ መጣ!» ድንቡሼ መለሰችው። ጥቂት ከተመላለሱ በኋላ ባለሙያዋ ኳሱን በሁለት እጇ ያዘችና ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ዝም አለች። ድንቡሼ እጇን ዘረጋች፤ ባለሙያዋ ፈገግ አለች እንጂ አልለቀቀችም። ጠበቃው ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ኳሱን ፈል…» ብለው ሲጀምሩ ልጃቸው ጉልበታቸውን ያዝ አድርጋ «ቆይ አባዬ» አለች።

ድንቡሼ ከንፈሯን አሞጠሞጠች። «ኩ» አለች።

«ኳስ!» አለች ባለሙያዋ፣ ኳሱንም ወዲያው ለቀቀችው። ድንቡሼ በሳቅ ተንከተከተች።

ከዚያ በኋላ ባለሙያዋ ለቤተሰቡ ያለችው ይሄ ነበር፦ ጎንበስ ብላችሁ ፊት ለፊት እዩአት። የምታየውን ነገር ስም ጥሩላት። «በይ» አትበሏት፣ ፈተናም አታድርጉባት። አንድ ቃል ስትል እናንተ አንድ ጨምራችሁ መልሱላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተራ ስጧት፤ ተናግራችሁ ስታበቁ ጠብቁ።

«ምን ያህል?» አሉ ጠበቃው።

«እርስዎ ከሚያስቡት በላይ።»

«እንዴ! እኔ ዝም ብዬ አላውቅም እኮ ልጄ።»

«ችሎት ላይስ? በፍጹም ዝም ያሉበት ጊዜ የለም?»

ጠበቃው አሰቡ። «ዳኛ ሲናገር ነዋ። ሊናገር ሲልም።»

«እንግዲያውስ ዳኛዋ እሷ ናት» አለች ባለሙያዋ፣ ድንቡሼን እያሳየች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጃቸው «ለነገሩ ጠበቃ ማለት የሚጠብቅ ማለት አይደል እንዴ?» ብላ ነካካቻቸው። እሳቸውም የቃሉ ትርጉም እንደሱ እንዳልሆነ ሰፈር እስኪደርሱ ድረስ አስረዷት።

ማስረዳቱ ቀላል ነው፤ ሥራው ከባድ ሆነ። ጠበቃው ዝም ለማለት ያልሞከሩት ነገር የለም። የመነጽራቸውን እግር ይነክሳሉ። ቁራሽ ዳቦ ጎርሰው ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜማ ድንቡሼ ቁምሳጥኑን ስትጠቁም እስክትናገር ሲጠብቁ ፊታቸው ቀላ፤ ለካ አፋቸውን ሲዘጉ ትንፋሻቸውንም አብረው ይዘው ኖሯል። ምላሳቸው ባመለጠ ቁጥር ልጃቸው «ቆይ አባዬ» ትላለች። አማቻቸውም አክብሮቱን ሳይለቅ «ቆይ እስቲ አባባ» ይላል። ቤቱ «ቆይ» በ«ቆይ» ሆነ።

እንደዚያም ሆኖ ነገር ጀመረ። አንድ ቀን ድንቡሼ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁለት እጇ ላይ ዘርግታ «ትርርርር» አለች። እናቷ መኪናውን አቆመች። ድንቡሼ እንደገና «ትርርርር»። እናትየዋ ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሌላ ቁራጭ አነሳች። «ትርርርር። ትሰፊያለሽ? እኔም እሰፋለሁ።» የደንበኛ ቀሚስ የቀጠሮው ቀን አለፈበት፤ እናትና ልጅ ግን በአፍ ብቻ ስንቱን ሰፍተው ጨረሱ።

«ቃል ነው ይሄ ወይስ መኪና?» ብለው ጠየቁ ጠበቃው በሚቀጥለው ቀጠሮ።

«መንገድ ላይ ያለ ቃል ነው» አለች ባለሙያዋ።

ጠበቃው ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸው እየተንቋቋ እሳቸውም ወደ ወለሉ ወረዱ። መውረዱስ ደግ ነበር፤ መነሳቱ ነው የአማቻቸውን እጅ የሚፈልገው። ከላይ ሆነው ሲያዩት የኖሩት ቤት ከታች ሌላ ሆነባቸው። ከጠረጴዛው ሥር የተጣበቀ ማስቲካ፣ ድንቡሼ ስትደረድረው የኖረችው የክር መጠቅለያ ሰልፍ፣ በበሩ ሥር የሚያልፉ የደንበኞች ጫማ። የምትጠቁመው ምን እንደሆነ ለካ ግማሹን ጊዜ ተሳስተው ኖሯል። ብርቱካን ነው ሲሉ እሷ ትጠቁም የነበረው ብርቱካኑ ላይ የወጣውን ጉንዳን ነበር።

«ጉንዳን» አሉ ቀስ ብለው። «ጉንዳን ይሄዳል።» ከዚያ አፋቸውን ዘጉ። ድንቡሼ ዞር ብላ እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው።

አንድ ፀሐያማ ጠዋት ጠበቃው የሳሙና ውሃ በኩባያ በጠበጡና ከድንቡሼ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። በሽቦ ቀለበት እፍ ሲሉ አረፋው ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ ተነሳ። ድንቡሼ እየዘለለች በጣቷ ታፈነዳዋለች። ሲያልቅ ጠበቃው ቀለበቱን አፋቸው አጠገብ ይዘው ቆሙ። ጠበቁ። ድንቡሼ እጃቸውን ገፋች። ጠበቁ። ዓይናቸውን አየች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጠበቃው እዚህ ላይ አቃታቸው።

«አረፋ ማለት እኮ የኔ እናት፣ ሳሙናው ከውሃው ጋር ሲገናኝና አየሩ ደግሞ መሃል ሲገባ…»

ድንቡሼ ትንሿን መዳፏን አንስታ አፋቸው ላይ ከደነች።

«ቆይ» አለች።

እንዲሁ፣ ጥርት አድርጋ፣ ልክ እንደ እናቷ።

በመስኮቱ በኩል ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ። እናትየዋ አንገቷ ላይ ሜትር እንደተንጠለጠለ ወጣች። «አባዬ፣ ማን ነው እሱ? አንተ ነህ?»

ጠበቃው መልስ መስጠት አልቻሉም፤ አፋቸው ላይ እጅ ነበር። ዓይናቸው ብቻ እንባ ሞላ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድንቡሼ እጇን አንስታ ቀለበቱን ተቀበለቻቸው፣ ጉንጯን ነፍታ እፍ አለች። ከአረፋው ይልቅ ምራቁ በዛ። ለሷ ግን ድል ነበር። እናቷን አየችና እንደገና «ቆይ» አለች፤ የእናቷም ተራ እስኪደርስ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃሎቹ እንደ ዶሮ ጫጩት አንድ በአንድ ብቅ አሉ። «ውሃ» መጣ። «ንፋ» መጣ። «ጉንዳን» «ጉጋ» ሆኖ መጣ። አባትየው ተራውን በጉጉት ይጠብቃል፤ «አባ» ግን ወዲያው አልመጣም። አንድ ቀን ምሽት ላይ ከሥራ ሲገባ ድንቡሼ ሮጣ እግሩን አቀፈችና «ቡስ!» አለችው።

ሚስቱ መሳቋን ለመደበቅ ፊቷን በጨርቅ ሸፈነች። እሱ ግን ደስታውን ቤቱ አልያዘውም። «ቡስም ቢሆን ጠራችኝ አይደል?» አለና አነሳት። ባለሙያዋ ያለችውን ግን አልረሳም፤ «አባ በይ» አላላትም። «አዎ፣ አባ መጣ። አባ ከአውቶቡስ መጣ» አላት። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ስሙ «አባ ቡስ» ሆነ፤ ባልደረቦቹም ሰምተው እስከ ዛሬ በዚያው ይጠሩታል።

ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ጠበቃው አንድ ቀን ድንቡሼን ይዘው አባቷ በሚነዳው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ድንቡሼ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታያለች። ዝናብ ጀመረ፤ ከዳቦ ቤቱ ጥግ አንድ ውሻ ብድግ ብሎ ሮጠ። የመጨረሻው ፌርማታ ደርሰው አባቷ ሞተሩን ሲያጠፋ ድንቡሼ ወደ አያቷ ዞረች።

«ውሻ» አለች።

«ውሻ አየሽ» አሉ ጠበቃው። ዝም አሉ።

«ውሻ… ውሻ ዝናብ…»

ተሳፋሪዎቹ ዕቃቸውን አንስተው ቆመዋል። በሩ ግን አልተከፈተም፤ ሹፌሩ እጁን የበሩ መክፈቻ ላይ አድርጎ በመስታወት ልጁን ያያል። ከፊት የቆሙት አሮጊት የጠበቃውን ፊት አዩ፣ የልጅቷን ከንፈር አዩ፣ ከኋላቸው ለሚገፋው ሰውዬ እጃቸውን አነሱ። ሰውዬውም ቆመ።

«ውሻ… ዝናብ… ሮጠ» አለች ድንቡሼ። ሦስት ቃል፣ ሙሉ ነገር።

«ውሻው ዝናብ ሲመጣ ሮጠ!» አሉ ጠበቃው።

«ቤት ሮጠ» ብላ አረመቻቸው ድንቡሼ።

«ልክ ነሽ፣ እመቤቴ፤ ቤት ሮጠ።»

አሮጊቷ ሳቁ፤ ሰውዬውም ሳቀ። በሩ ተከፈተ፣ ሰዉ ወደ ዝናቡ ወረደ። አንዲት ተማሪ ወርዳ ስታበቃ በመስኮቱ በኩል ለድንቡሼ እጇን አውለበለበች። ጠበቃው የሚናገሩት ብዙ ነበራቸው፤ ስለ ውሻ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጅነታቸው። ግን ድንቡሼ እንደገና አፏን ስትከፍት አዩና ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።